ለአራት ሰው ስንት ይመጣል? የህንዳውያን የዲሴምበር ጉዞ ሒሳብ

ዴልሂ ስማር ቤት ያከራዩኝን ሴትዮ "አንቲ" ነበር የምላቸው። እዚያ በእናትህ ዕድሜ ያለች ሴት ሁሉ አንቲ ናት። በ2024 ኖቬምበር አንድ ማታ ኪራይ ልከፍል ስገባ፣ አልጋው ላይ ወረቀት በትነው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ካልኩሌተር ሲደበድቡ አገኘኋቸው። ወረቀቱ ላይ ሦስት ዓምድ አስምረዋል፦ ታይላንድ፣ ባሊ (የኢንዶኔዥያ ደሴት ናት)፣ ቬትናም። ከግርጌው "ሲባዛ በ4" ተጽፏል። እሳቸው፣ ባለቤታቸው፣ ልጃቸውና ምራታቸው መሆናቸው ነው።

"ቤታ፣ ና እስቲ እየው" አሉኝ። ቤታ ማለት ልጄ ማለት ነው። "የባሊ ሆቴል ርካሽ ነው። ስደምረው ግን ይወደዳል። የት ላይ ነው የተሳሳትኩት?"

አልተሳሳቱም። ነገሩን ሁሉ የምትቀይረው ያቺ በ4 ማባዛት ናት። ህንዳውያን በዊንተር ለእረፍት ውጭ አገር ሲወጡ የት ቢሄዱ ይረክሳቸዋል ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው እሷ ላይ ነው። ይህ ጽሑፍም ስለ እሷ ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር እናጥራ። የህንድ "ዊንተር" የኛ ክረምት አይደለም። ዝናብ የለም፣ ብርድ ነው። ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ ሰሜን ህንድ ብርዱ ይጠናል። ዴልሂ ውስጥ አብዛኛው ቤት ማሞቂያ የለውም። ወለሉም ግድግዳውም የተሠራው ለሙቀቱ ወራት ስለሆነ ቤት ውስጥ ካፖርት ለብሰህ ትቀመጣለህ። በዚያ ላይ ጭጋጉና ጭሱ አለ። ትምህርት ቤትም ይዘጋል። ከዲሴምበር 16 አካባቢ እስከ ጃንዋሪ 14 ደግሞ በሰሜኑ የሂንዱ ባህል ሰርግ አይደገስም። ካርማስ ይሉታል። ስለዚህ የሚበላ ድግስም የለም፣ ልጆች እቤት ናቸው፣ ውጭው ጭጋግ ነው። መሄድ ነው እንግዲህ።

(የወራቱና የዓመታቱ ስም በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። አንድ ማስጠንቀቂያም አለኝ። ከታች "ያለ ቪዛ" የምለው ሁሉ ለህንድ ፓስፖርት ነው። የኛን ፓስፖርት ይዞ በዚህ ጽሑፍ ተማምኖ የሚነሳ ሰው ካለ፣ ጉዞው ቦሌ ላይ ያበቃል።)

በራስ የሚቆጠርና አብረው የሚካፈሉት

የጉዞ ወጪ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በየራሱ የሚቆጠር ነው፦ ትኬት፣ ቪዛ፣ የመግቢያ ክፍያ፣ ምግብ። ሌላው አብረው የሚካፈሉት ነው፦ የሆቴል ክፍል፣ ታክሲ፣ የተከራዩት መኪና። ብቻውን ቦርሳ አንግቶ ለሚዞር ወጣት ልዩነቱ ብዙም አይሰማውም። ለህንድ ቤተሰብ ግን ዋናው እሱ ነው። ብዙ ጊዜ ባልና ሚስት ከልጆች ጋር፣ አንዳንዴም ከአያት ጋር ነው የሚሄዱት። በየራሱ የሚቆጠረው አራትና አምስት ጊዜ ይባዛል። የሆቴሉ ክፍል ግን ሁለት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ነገር የቀኑ ማነስ ነው። መሥሪያ ቤት የሚሰጠው ፈቃድ አጭር ነው፤ ከአምስት እስከ ሰባት ሌሊት ቢሆን ነው። በአምስት ሌሊት ውስጥ "አገሩ ርካሽ ነው" የሚባለው ጥቅም ገና ሳይታይ መመለሻው ይደርሳል። ምሳ በ200 የህንድ ሩፒ ረከሰ ብለህ፣ ትኬቱ ላይ በነፍስ ወከፍ 15 ሺህ ጨምረህ ከሆነ የሄድከው፣ ሒሳቡን ለመመለስ ስንት ምሳ መብላት እንዳለብህ አስበው።

ስለዚህ ለአጭር ጉዞ፣ ለብዙ ሰው፦ መድረሻው ቅርብ፣ ቪዛው ነፃ ይሁን። ሆቴሉ ትንሽ ቢወደድም ግድ የለም። ብቻህን ሆነህ ለሦስት ሳምንት የምትሄድ ከሆነ ደግሞ ገልብጠው። ያኔ ትኬቱ ተወዶ የቀኑ ኑሮ ቢረክስ ያዋጣል።

የኤጀንት ማስታወቂያም በዚህ ዓይን ነው መነበብ ያለበት። ህንድ ውስጥ የሚለጠፈው ዋጋ "በነፍስ ወከፍ፣ ትዊን ሼሪንግ" ነው። ሁለት ሰው አንድ ክፍል ሲካፈል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ግብሩ አልተደመረም። አንዳንዴም አውሮፕላኑ የለበትም። ሲያዩት ያምር ሲበሉት ያቅር የሚባለው ለሱ ነው።

ቪዛው ሲባዛ

አሁን የአንቲን ወረቀት እንይ። ታይላንድ ከ2023 ኖቬምበር ጀምሮ ህንዳውያንን ያለ ቪዛ ስታስገባ ቆይታለች። ማሌዥያም ከ2023 ዲሴምበር 1 ጀምሮ እንደዚያው። አንቲ ሲያሰሉ ሁለቱም ጋ አራት ጊዜ ዜሮ ዜሮ ነበር።

ቬትናም ኢ-ቪዛ አላት። ለአንድ ጊዜ መግቢያ 25 ዶላር። ለአራት ሰው 100 ዶላር መጣ። ዶላሩን በ90 ሩፒ ብናሰላው 9 ሺህ ሩፒ።

ባሊ ስትደርስ የሚመታልህ ቪዛ 500 ሺህ የኢንዶኔዥያ ሩፒያ ነው። ከ2024 ፌብሩዋሪ ጀምሮ ደግሞ ባሊ ከየውጭ ጎብኚው 150 ሺህ ሩፒያ ትሰበስባለች። በነፍስ ወከፍ 650 ሺህ፣ ለአራት ሰው 2.6 ሚሊዮን። በህንድ ሩፒ ወደ 14 ሺህ ይጠጋል። አንቲ የሁለት ሌሊት ሆቴል በዚህ ይገኛል ብለው ነው የተናደዱት። እውነታቸውን ነው።

አውሮፓማ አይወራ። የሸንገን ቪዛ ከ2024 ጁን ጀምሮ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው። አራት አዋቂ ያለው ቤተሰብ የማስተናገጃ ክፍያው ሳይጨመር 360 ዩሮ ይከፍላል። ቢከለከልም ገንዘቡ አይመለስም። የኛ ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል።

ቡታን ደግሞ የተለየች ናት። ህንዳውያን ቪዛ አያስፈልጋቸውም፤ የመግቢያ ፈቃድ ብቻ ነው። ከ2022 ወዲህ ግን በሌሊት 1,200 ሩፒ ትቀበላቸዋለች። ከሌላው አገር ጎብኚ ከምትወስደው 100 ዶላር አንጻር ምሕረት ነው። ግን አባዙት፦ አራት አዋቂ፣ አምስት ሌሊት፣ 24 ሺህ ሩፒ። ይህ ምግብና አልጋ ሳይጨምር ነው። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ ግማሹን ይከፍላል፣ ከ6 በታች ነፃ ነው። ስለዚህ ቡታን ትንንሽ ልጆች ላሉት ቤተሰብ ከሚመስለው ትረክሳለች፤ ጎረምሳ ልጆች ላሉት ደግሞ ከሚመስለው ትወደዳለች።

ኔፓል ከሁሉም ትቀላለች። ህንዳዊ ኔፓል ለመግባት ቪዛ ቀርቶ ፓስፖርትም ላያስፈልገው ይችላል፤ የመራጭነት ካርዱ ይበቃዋል። የሚገርመው፣ ህንዶች ለሁሉም ነገር የሚያወጡት አድሃር የሚባለው መታወቂያ እዚህ ላይ አይሠራም። የሚሠራው ከ15 ዓመት በታችና ከ65 በላይ ለሆኑ ብቻ ነው። ይህን ሳያውቅ አድሃር ብቻ ይዞ ኤርፖርት የሄደ ሰው ትኬቱን ያቃጥላል።

የመግቢያ ሕግ እንደ ቲማቲም ዋጋ ነው፣ ዛሬና ነገ አንድ አይደለም። ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት የአገሩን ኤምባሲ ወይም የኢሚግሬሽን ድረ ገጽ እዩ። የመንግሥት መስለው ገንዘብ የሚሰበስቡ ገጾችም አሉ። የታይላንድና የማሌዥያ ዲጂታል የመግቢያ ካርድ ነፃ ነው። ለሱ ብሎ የባንክ ካርድ ቁጥርህን የጠየቀህ ገጽ ሌባ ነው ወይም ደላላ ነው።

ዝናቡ የት ነው?

ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በዲሴምበር ሆቴል የረከሰበት ቦታ ካያችሁ መጀመሪያ ሰማዩን ጠይቁ።

ባሊ በዲሴምበርና በጃንዋሪ ዝናብ ላይ ናት። ከምድር ወገብ በታች ስለሆነች ወቅቱ ይገለበጣል። ቀኑን ሙሉ ላይዘንብ ይችላል፤ ግን ለባሕር ብሎ ለሄደ ሰው የእርጥብ ፎጣ እረፍት ነው። ዋጋው የሚረክሰውም ለዚህ ነው። የገናና የአዲስ ዓመት ሳምንት ላይ ደግሞ አውስትራሊያውያን ስለሚጎርፉ እሱም አይረክስም። ዝናቡንም ውዱንም ዋጋ አንድ ላይ ታገኘዋለህ።

ቬትናም ረጅምና ቀጭን አገር ናት። በዲሴምበር ሦስት ዓይነት አየር አላት። ሃኖይ ይቀዘቅዛል፣ ጃኬት ያስፈልጋል፣ ተራራማው ሳፓ በጭጋግ ይሸፈናል። ከዴልሂ ጭጋግ ሸሽቶ ሳፓ ጭጋግ መግባት ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። መሐል ላይ ያሉት ዳናንግና ሆይአን እስከ ዲሴምበር ድረስ ይዘንብባቸዋል። ደቡቡ፣ ሆቺሚን ከተማና ፉኩዎክ ደሴት፣ ደረቅና ፀሐያማ ነው። ኤጀንቶች ግን "ሃኖይ፣ ዳናንግ፣ ሆቺሚን በሰባት ቀን" ብለው ሦስቱንም ይሸጡልሃል። ለዲሴምበር መጨረሻ ከሆነ ደቡቡን ብቻ ያዙ ባይ ነኝ። የአገር ውስጥ በረራውም ይቀንሳል፤ እሱም በ4 የሚባዛ መሆኑን አትርሱ።

ታይላንድ ውስጥም ሁለት ባሕር አለ። ፉኬትና ክራቢ ያሉበት የምዕራቡ ዳርቻ ከዲሴምበር እስከ ማርች ደረቅ ነው። ኮሳሙዊ ያለችበት ባሕረ ሰላጤ ግን በኖቬምበር በደንብ ይዘንብበታል፤ ዲሴምበርም ላይ ጨርሶ አያቆምም። ማሌዥያም እንደዚያው ናት። በምዕራብ ያለችው የላንካዊ ደሴት ፀሐይ ናት። በምሥራቅ ያሉት እንደ ፐርሄንቲያን ያሉ ደሴቶች ግን በነዚያ ወራት ማዕበል ስላለ አብዛኛው ማረፊያ ይዘጋል። ስሪላንካ ላይ ደቡቡና ምዕራቡ፣ ጋልና ሚሪሳ፣ ጥሩ ነው። ምሥራቁ ትሪንኮማሌ እስከ ጃንዋሪ ይዘንባል።

አየሩ ጥሩ የሆነበት ቦታ ደግሞ ዓለም ሁሉ የሚሄድበት ስለሆነ ይወደዳል። መላው ጥቂት ቀን መግፋት ነው። ከዲሴምበር 20 እስከ ጃንዋሪ 3 ያለው ዋጋ አንድ ነው፣ ከጃንዋሪ 6 ወይም 7 በኋላ ያለው ሌላ ነው። አየሩ ያው፣ ባሕሩ ያው፣ ሆቴሉ ያው። የዴልሂ ትምህርት ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ስለሚዘጉ ለዴልሂ ቤተሰብ ይመቸዋል። ትምህርት ቤታቸው ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ለሚከፍትባቸው ግን አይሠራም፤ እነሱ ዲሴምበር 20 ሳይደርስ ወጥተው ቢመለሱ ይሻላቸዋል። ጃንዋሪ 26 የሪፐብሊክ ቀን ነው። ቅዳሜና እሁድን ታክኮ ከመጣ ዋጋው መልሶ ይወጣል።

ለሰሜን ህንድ ሰው አንድ ምክር ልጨምር። ጠዋት የሚነሳ በረራ አትግዙ። የዴልሂ ጭጋግ የሚከብደው ከሌሊት እስከ ረፋድ ነው። ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ትንሽ ቢወደድም፣ የትራንዚት በረራ አምልጦ አዲስ ትኬት ከመግዛት ይረክሳል።

ከየት ነው የምትነሳው?

"ለህንዳውያን ርካሽ አገር" ብሎ ነገር የለም። ህንድ ሰፊ ናት። ከቼናይ ኮሎምቦ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከኮልካታ ባንኮክ ሁለት ሰዓት ተኩል። ለቼናይ ሰው ስሪላንካ ማለት ለኛ ሐዋሳ ማለት ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም። ለዴልሂ ሰው ቅርቡ ካትማንዱ ነው። ኔፓልን ከሚያዋስኑት ክልሎች፣ ከቢሃር ወይም ከኡታር ፕራዴሽ፣ ለሚነሳ ደግሞ ኔፓል የአውቶቡስ መንገድ ናት። በሱናውሊ በኩል ድንበሩን ተሻግሮ ሉምቢኒ፣ ከዚያ ፖክራ። ትኬቱ በአራት ቢባዛም ያው የአውቶቡስ ዋጋ ነው።

ፖለቲካውም ትኬት ውስጥ ይገባል። በ2025 ኤፕሪል ፓኪስታን የአየር ክልሏን ለህንድ አውሮፕላኖች ስትዘጋ፣ ኢንዲጎ የሚባለው የህንድ አየር መንገድ ወደ አልማቲ (ካዛኪስታን) እና ወደ ታሽከንት (ኡዝቤኪስታን) የሚበርበትን መስመር አቋረጠ። መንገዱ ሲረዝም ትንንሾቹ አውሮፕላኖች አይደርሱትም። በረዶ ለማየት ርካሽ ተብሎ የነበረው መንገድ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሌላ ሒሳብ ሆነ። ካዛኪስታን ህንዳውያንን ከ2022 ጀምሮ ለ14 ቀን ያለ ቪዛ ታስገባለች፤ ከአልማቲ ከተማ ወጣ ብሎ ያለው የሺምቡላክ የበረዶ መንሸራተቻም ከአውሮፓው በብዙ ይረክሳል። ግን አሁን መጀመሪያ የሚታየው ትኬቱ ነው።

ሻንጣም አለ። ቪየትጄትና ኤርኤሺያ የሚባሉት ርካሽ አየር መንገዶች ትንሹ ትኬታቸው 7 ኪሎ የእጅ ሻንጣ ብቻ ነው የሚፈቅደው። የህንድ ቤተሰብ በ7 ኪሎ አይጓዝም። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

ቴፕላና በሶ

አንቲ ሥጋ አይነኩም። እንቁላልም አይነኩም። ብዙ ህንዳውያን እንደዚያው ናቸው። ጄይን የሚባለው ሃይማኖት ተከታዮች ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም አይበሉም። ታይላንድ ውስጥ አትክልት ብቻ ያልከው ሳህን ውስጥ የዓሣ ድልህ ይገባል፤ ቬትናምም ያው ነው። ለማብሰያ ቤቱ ዓሣው ሥጋ አይደለም፣ ጨው ነው። ዓሣ ጾም ያስፈታል አያስፈታም የሚለውን ክርክር የምናውቅ ሰዎች አንገረምም። ታይላንድ ላይ "ጄ"፣ ቬትናም ላይ "ቻይ" የሚል ቃል ያለበት ምግብ ቤት ከተገኘ ነገሩ ያበቃል። እሱ የመነኮሳትና የጿሚዎች ምግብ ነው፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። ያላወቀ ግን የህንድ ሬስቶራንት ፍለጋ ታክሲ ይዞ ይዞራል፤ እዚያም ዳል ወጥ በቱሪስት ዋጋ ይበላል።

ስለዚህ ጉጅራቶች፣ የምዕራብ ህንድ ሰዎች ናቸው፣ ቴፕላ ጋግረው ይይዛሉ። ቅመም ያለበት ቀጭን ቂጣ ነው፣ ለቀናት አይበላሽም። ሌላው ኑድልና በሙቅ ውሃ የሚሠራ ቁርስ ይይዛል። እኛ በሶና ዳቦ ቆሎ እንደምንይዘው ማለት ነው። ቴፕላው የሁለት ቀን ቁርስ ይሸፍናል። ግን ሻንጣ ይፈልጋል። ስለዚህ የ7 ኪሎውን ትኬት ዋጋ ከሌላው ጋር ስታወዳድሩ የሻንጣውን ክፍያ ደምሩበት፤ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ይጠፋል።

ሩፒውና ባንኩ

በ2025 ዲሴምበር አንድ ዶላር 90 ሩፒን አለፈ። በዶላር የሚታሰብ ቦታ ሁሉ፣ ለምሳሌ ማልዲቭስ፣ በዚያው ልክ ተወደደ። የቡታን ገንዘብ ግን ከህንድ ሩፒ ጋር አንድ ለአንድ የታሰረ ነው። የኔፓሉ ከ1993 ጀምሮ በ1.6 ተቆልፏል። ዶላር የፈለገውን ቢሆን ሁለቱ ጋ ሒሳብህ አይናወጥም።

ካርዱስ? አብዛኛው የህንድ ክሬዲት ካርድ ውጭ አገር ሲገለገሉበት 3.5 በመቶ ገደማ ይቆርጣል፤ በቆረጠው ላይ ደግሞ 18 በመቶ ግብር አለ። 100 ሺህ ሩፒ ብታወጣ 4,130 ሩፒ ዝም ብሎ ሄደ ማለት ነው። ይህን የማይቆርጡ ካርዶች አሉ፣ ከጉዞው በፊት ማውጣት ነው። ስሪላንካ፣ ሞሪሸስ፣ ኔፓልና ቡታን ላይ ደግሞ ህንዶች በስልክ የሚከፍሉበት ዩፒአይ የሚሠራባቸው ሱቆች አሉ።

ከኤጀንት ሙሉ ፓኬጅ ከገዛህ ሻጩ ለመንግሥት ቀድሞ የሚቆርጠው ግብር አለ። ቲሲኤስ ይባላል። መጠኑን በጀት በወጣ ቁጥር ይነካኩታል። 5 በመቶ በነበረበት ሒሳብ የ400 ሺህ ሩፒ ፓኬጅ 20 ሺህ ያስቀድማል። ጠፍቶ የሚቀር ገንዘብ አይደለም፤ ዓመታዊ የግብር ማስታወቂያ ሲገባ ይታሰብለታል ወይም ይመለሳል። ለጉዞው ቀን ግን ኪስህ ውስጥ የለም። ትኬቱን ከአየር መንገዱ፣ ሆቴሉን ለብቻው ከገዛህ ፓኬጅ ስለማይባል ይህ አይነካህም። የሁለት ሰዓት ሥራ ነው፣ እኔ እሱን እመርጣለሁ። ከአያት ጋር የሚጓዝ ሰው ግን ኤጀንት ቢይዝ አልፈርድበትም።

"ኢትዮጵያስ?" ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ጃንዋሪ ላይ ገና አለ፣ ጥምቀት አለ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ከዴልሂና ከሙምባይም ቀጥታ በረራ አለ። እኔም አንቲን ጠይቄያቸው ነበር። ትኬቱን በ4 አባዙና ካልኩሌተሩን ወደኔ አዞሩት። ዝም አልኩ።

በመጨረሻ የያዙት ታይላንድን ነው። ጃንዋሪ 8 ከሰዓት በኋላ የሚነሳ በረራ፣ ክራቢ፣ አምስት ሌሊት፣ ሁለት ክፍል። ቬትናም ለሚቀጥለው ዓመት ተላለፈች። ባሊን ግን የሰረዘችው ምራታቸው ናት፣ በገንዘብም አይደለም። "ዝናብ ለማየት ከሆነ" አለች፣ "ጁላይ ላይ ሙምባይ እናቴ ጋ እንሄዳለን።"